አሸባሪ መሬት ሲይዝ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር በስልክ ስንከራከር አመሸን። ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነበር። «አንተ ሰውዬ ጦርነት ወዳድ ሆነህ ቀረህ» አለኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ምክንያቱም በ2003 የኢራቅ ወረራ ሲጀመር አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ነበርኩ። ዛሬም ያ አቋሜ አልተቀየረም። አሸባሪ ላይ ጦር ይዝመት ሲባል ግን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ለእሱ በቅጡ ያልመለስኩለትን እዚህ ልዘርግፈው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።)

ለእኔ አሸባሪ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የተደበቀ ነው። ሦስት አራት ሆነው ቤት ይከራያሉ፣ ፈንጂ ያዘጋጃሉ፣ ቀን ይጠብቃሉ። እነዚህን የሚይዘው ፖሊስ፣ ደህንነትና ፍርድ ቤት ነው። ታንክ አያስፈልግም፤ ታንክ ከመጣ እንዲያውም ነገሩ ይበላሻል። ሁለተኛው ግን መሬት የያዘ ነው። ከተማ አለው። ግብር ይሰበስባል፣ ኬላ ያቆማል፣ ዳኛ ይሾማል፣ ሕፃናትን ያሠለጥናል፣ ከሌላ አገር የሚመጣለትን ሰው ተቀብሎ አስታጥቆ ይመልሳል። እንዲህ ያለውን ፖሊስ ሄዶ «እጅ ወደ ላይ» ሊለው አይችልም። የእኔ ክርክር በሙሉ ስለዚህኛው ነው።

አልቃይዳን እንውሰድ። ቢን ላደን በ1996 ከሱዳን ወጥቶ አፍጋኒስታን ገባ። ታሊባን ጥላ ሆነለት፣ እሱም ካምፑን ከፈተ። ኦገስት 7 ቀን 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም የነበሩት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በደቂቃዎች ልዩነት በፈንጂ ተመቱ። 224 ሰው ሞተ። አብዛኞቹ ኬንያውያን ነበሩ። ስለ ዋሽንግተን ፖለቲካ ምንም የማያገባቸው፣ ጠዋት ተነስተው ሥራ የገቡ ሰዎች።

መልሱ ምን ነበር? ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚሳይል ተተኮሰ። አፍጋኒስታን ውስጥ ካምፖች ተመቱ። ካርቱም ላይ ደግሞ አንድ የመድኃኒት ፋብሪካ ወደመ፤ ፋብሪካው የኬሚካል መሣሪያ ይሠራል የተባለበት ማስረጃ እስከ ዛሬ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። ቢን ላደን ላይ ግን ጭረት እንኳ አልደረሰም። ከዚያ ዲፕሎማሲው መጣ። በኦክቶበር 1999 የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1267 ታሊባን ሰውየውን አሳልፎ እንዲሰጥ ጠየቀ፣ ማዕቀብም ጣለ። እምቢ አሉ። በኦክቶበር 2000 የመን ውስጥ ኤደን ወደብ ላይ የቆመች የአሜሪካ የጦር መርከብ ተመትታ 17 መርከበኞች ሞቱ። ለዚህ ወታደራዊ መልስ ጭራሽ አልተሰጠም። በዲሴምበር 2000 ማዕቀቡ ጠበቅ ተደረገ። አሁንም እምቢ።

«መጀመሪያ በሰላማዊ መንገድ ይሞከር» ለሚለኝ ሰው ሁሌም የምቆጥርለት ይህንን ነው። ተሞክሯል። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ማዕቀቡ ተጥሏል፣ ቀነ ገደቡ ተሰጥቷል። ያልተሞከረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካምፑን መዝጋት። ከዚያ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ሆነ፣ በአንድ ጠዋት ወደ 3 ሺህ ሰው አለቀ። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉት የነበረው ነገር እዚህ ላይ አለፈ።

«እሺ፣ ከዚያስ? ሃያ ዓመት ተዋግተው ታሊባን ተመለሰ አይደል እንዴ?» አለኝ ወዳጄ። ልክ ነው። ኦገስት 15 ቀን 2021 ካቡል ገቡ። አፍጋኒስታን ላይ እኮ ሁለት ጦርነት ነው የተካሄደው። አንዱ አልቃይዳን ከካምፑ የማስወጣት ጦርነት ነው፤ እሱ በ2001 መጨረሻ በሁለት ወር ገደማ ውስጥ አብዛኛው አለቀ። (ቶራ ቦራ ተራሮች ላይ የቢን ላደን ማምለጥ ግን ያናድደኛል። እሱን ለማግኘት ሌላ አሥር ዓመት ፈጀ።) ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ አገር የመገንባት ጦርነት ነው። መጨረሻው የት እንደሆነ ማንም ያልነገረን እሱ ነው። እኔ የምከላከለው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን የሚከላከል ካለ ይምጣና ይሞክር።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። አሜሪካ ከወጣች አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ጁላይ 31 ቀን 2022፣ የቢን ላደን ተተኪ አይመን አልዘዋሂሪ በድሮን ተገደለ። የት? ካቡል መሃል፣ ቤት ውስጥ፣ በረንዳው ላይ። ዋሻ ውስጥ አይደለም፣ ድንበር ላይ አይደለም፣ ዋና ከተማው ውስጥ ነው። ጥላው እንደተመለሰ እንግዳውም ተመልሶ ነበር ማለት ነው።

አሁን ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ወደሚጠራው ቡድን፣ ወደ አይኤስ ልሂድ፤ ምክንያቱም ሐሳቤን የቀየረው እሱ ነው። በጁን 2014 የኢራቋን ትልቅ ከተማ ሞሱልን ያዙ። በወሩ መጨረሻ «ኸሊፋ መንግሥት» አወጁ። ብዙዎቻችን ያኔ የአካባቢው ጉዳይ ነው ብለን ነበር፤ እኔም ጭምር። ከዚያ ኦገስት 3 ቀን ሲንጃር ገቡ። ሲንጃር ኢራቅ ውስጥ ያለ የየዚዲዎች አገር ነው፤ የዚዲዎች የራሳቸው ሃይማኖት ያላቸው አናሳ ሕዝብ ናቸው። ወንዶቹን ለይተው ገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ልጃገረዶችን ወስደው በገበያ ሸጡ። የሸሹት ወደ ተራራው ወጡ። የኦገስት ፀሐይ፣ ውሃ የለ፣ ጥላ የለ። ሕፃናት በጥም እየሞቱ ነበር።

እዚያ ተራራ ላይ ለነበረ ሰው «ጣልቃ ገብነት መጥፎ ነው» ብሎ መስበክ ይቻላል? መጀመሪያ ውሃና ምግብ ከአውሮፕላን ተጣለላቸው። ከዚያ የአየር ድብደባው ተጀመረ። የኩርድ ተዋጊዎች ከሶሪያ በኩል መንገድ ከፈቱ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች የደረሰባቸውን የዘር ማጥፋት ብለው ጠሩት። ስሙ ሲወጣለት ግን የሚሞተው ሞቶ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በከፍታው ዘመን አይኤስ ወደ 8 ሚሊዮን ሕዝብ ይገዛ ነበር። ከ30 ሺህ በላይ የውጭ ተዋጊዎች ከዓለም ዳር ዳር ሄደው ተቀላቀሉት። ለምን ሄዱ? ስለሚያሸንፍ ነው። በየቪዲዮው የሚታየው ከተማ ሲያዝ፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ሲወጣ ነበር። በኖቬምበር 2015 ፓሪስ ላይ 130 ሰው ሲገደል፣ ከገዳዮቹ መካከል ሶሪያ ሄደው ሠልጥነው የተመለሱ ነበሩ። መሬት ማለት ይህን ሁሉ ነው፤ ማሠልጠኛም ነው፣ ካዝናም ነው፣ ማስታወቂያም ነው።

«ሐሳብን በቦምብ መግደል አይቻልም» የሚል አባባል አለ፤ ወዳጄም ሳይጠቅሰው አላለፈም። እስማማለሁ፣ አይቻልም። ግን ማን ሐሳብ እንግደል አለ? ሞሱል በጁላይ 2017፣ የሶሪያዋ ራቃ በኦክቶበር 2017፣ የመጨረሻዋ መንደር ባጉዝ ደግሞ በማርች 2019 ተወሰደባቸው። ሐሳቡ ዛሬም አለ። እነዚያ ከተሞች ውስጥ ግን ግብር አይሰበስብም፣ ሴት በገበያ አይሸጥም፣ ከሌላ አገር ለሚመጣ ወጣት ቤትና ደመወዝ አይሰጥም። ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል ካለ ሞሱል ለሦስት ዓመት የኖረን ሰው ይጠይቅ።

አሁን የሚያመኝን ልንገራችሁ። የተቃዋሚዎች ጠንካራው መከራከሪያ አይኤስ ራሱ የ2003 ወረራ ልጅ ነው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አላስተባብልም። የኢራቅ ጦር ተበተነ፣ አገሩ ተመሰቃቀለ፣ የኢራቅ አልቃይዳ መሪ የነበረው የዘርቃዊ ቡድን በዚያ ትርምስ ውስጥ ፋፋ፣ አይኤስም ከእሱ ወጣ። ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ የተባለው አልተገኘም። ሳዳም በሴፕቴምበር 11 ጥቃት እጁ አልነበረበትም። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ነው የሆነው። ግን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኢራቅ በ2003 መሬት የያዘ አሸባሪ አልነበረባትም ማለት ይቻላል። አምባገነን ነበረባት። በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ሐኪም በተሳሳተ እግር ላይ ቀዶ ጥገና ቢያደርግ ሐኪሙ ይጠየቃል፤ ቀዶ ጥገና ግን ከዓለም አይታገድም።

ደግሞ የወረራውን ዋጋ የምንቆጥር ሰዎች ያለመግባትን ዋጋ ለምን አንቆጥርም? ሶሪያን ተመልከቱ። በኦገስት 2013 ደማስቆ ዳር ጉጣ ላይ የኬሚካል መሣሪያ ሰው ፈጀ። ቀደም ብሎ ኦባማ ይህ ቀይ መስመር ነው ብለው ነበር። ዛቻው ለአፍታ እውነት ሲመስል ደማስቆ በድርድር ወደ 1,300 ቶን የሚሆን ኬሚካል አስረከበች። ድርድሩን ያመጣው ዛቻው ነው፣ ይህንን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ምቱ እንደማይመጣ ሲታወቅ ግን፣ በኤፕሪል 2017 ካን ሼኹን ላይ ሳሪን የተባለው መርዝ ተመልሶ መጣ። አይኤስም ዋና ከተማው ያደረጋት ራቃ ማንም ያልወረራት፣ ዓለም ዳር ቆሞ የተመለከታት ከተማ ነበረች።

ሩዋንዳን ደግሞ ሽብር ስላልሆነ ማንሳት አልፈለግኩም ነበር፤ ግን አለማንሳት አልቻልኩም። በኤፕሪል 1994 ሰው በገጀራ ሲታረድ የጸጥታው ምክር ቤት ያደረገው እዚያ የነበረውን ሰላም አስከባሪ ከ2,500 ገደማ ወደ 270 መቀነስ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ። ያኔ እጃቸው በማንም ደም አልተነከረም ብለው የተኙ ባለሥልጣኖች ነበሩ።

ማሊ ላይ ግን እኔና ወዳጄ ክፉኛ ተጋጨን። ሁለታችንም ማሊን የየራሳችን ማስረጃ አድርገን ነው የምናየው። በ2012 ሰሜኑ በሙሉ በታጣቂዎች እጅ ወደቀ። መጀመሪያ የቱዋሬግ አማፂዎች፣ ከዚያ እነሱን ገፍተው አንሳር ዲንና የአልቃይዳ የሰሜን አፍሪካ ክንፍ ያዙት። ጋዎ ላይ እጅ ተቆረጠ። ቲምቡክቱ ላይ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት የቆዩ የቅዱሳን መቃብሮች በመጥረቢያና በዶማ ተናዱ። የጥንት መጻሕፍትን የሚጠብቁ ሰዎች ጥራዞቹን በሌሊት በሳጥን እያደረጉ በመኪናና በጀልባ አሸሹ። በጃንዋሪ 2013 ታጣቂዎቹ ወደ ደቡብ ተንቀሳቅሰው ኮናን ያዙ። የማሊ መንግሥት ድረሱልን አለ። ፈረንሳይ ጃንዋሪ 11 ገባች፣ የቻድ ጦር ተከተለ፣ ወሩ ሳያልቅ ጋዎና ቲምቡክቱ ነፃ ወጡ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ ጨፈረ። ሴቶቹ በግድ ተከልክለው የነበረውን ቀለም ያለው ልብስ ለበሱ። መቃብሮቹን ካፈረሱት አንዱ በ2016 ሄግ ባለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኖ ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት።

እስከዚህ ድረስ የእኔ ታሪክ ነው። ከዚህ በኋላ የእሱ ነው። ዘመቻው ስሙን ቀየረ፣ ወደ መላው ሳህል ሰፋ፣ ዓመት ዓመትን ወለደ። ታጣቂዎቹ ወደ መሃል አገር ተስፋፉ። መንግሥት ገጠሩ ላይ ዳኛ አልላከም፣ መምህር አልላከም። በ2020 መፈንቅለ መንግሥት፣ በ2021 ሌላ መፈንቅለ መንግሥት። በ2013 ባንዲራ ያውለበለበው ሕዝብ ልጆች በ2022 ፈረንሳይ ትውጣ ብለው ሰልፍ ወጡ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ወጣች።

«ይኸው» አለኝ፣ «ምን ቀረ?» መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትክክል ነበሩ፣ ቲምቡክቱም ከዚያ በኋላ ለዓመታት በእነዚያ ሰዎች እጅ አልነበረችም። ሁለተኛ፣ ወታደር የተቀማ ከተማ ያስመልሳል እንጂ ከተማ አያስተዳድርም። ለዚያ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ ያ ሰው ደግሞ ከውጭ አይመጣም። ፈረንሳዮች ሲወጡም ቦታው ባዶ አልቀረም። የሩሲያ ቅጥረኞች ቀድመው ገብተው ነበር። በማርች 2022 ሙራ በምትባል መንደር ቢያንስ 500 ሰዎች በማሊ ጦርና ከጎኑ በተሰለፉ የውጭ ታጣቂዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች አስታውቀዋል። ስለዚህ ጥያቄው «ጣልቃ ይገባ ወይስ አይገባ» ብቻ አይደለም። ሁልጊዜ የሚገባ አለ። ማን፣ በምን ሕግ፣ ለማን ተጠያቂ ሆኖ የሚለው ነው ለውጥ የሚያመጣው።

ሶማሊያንም ቶሎ ላንሳት፤ ብዙ ሰው ተስፋ የቆረጠባት ናት። የአፍሪካ ኅብረት ጦር በ2007 ሲገባ ሞቃዲሾ ውስጥ የያዘው ጥቂት ሠፈር ነበር። በኦገስት 2011 አልሸባብ ከተማዋን ለቅቆ ወጣ። በ2012 ኪስማዮን አጣ። ኪስማዮ ተራ ከተማ አልነበረችም፤ ከሰል ወደ ውጭ የሚላክባት ወደብ ነበረች፣ ገንዘቡም የእነሱ ነበር። አልጠፉም፣ አውቃለሁ። በ2013 ናይሮቢ የገበያ ማዕከል ውስጥ 67 ሰው፣ በ2015 ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰው ገድለዋል፣ በኦክቶበር 2017 ሞቃዲሾ ላይ ከ500 በላይ ሰው የፈጀ የጭነት መኪና ፈንጂ አፈንድተዋል። ከፊሉ ገጠርም ዛሬ ድረስ በእጃቸው ነው። ወደቡና ዋና ከተማው አብረው በእጃቸው ቢቀሩ ኖሮ ምን ይመስል እንደነበር ማሰብ ግን ለማንም አይከብድም።

አሁን በጣም ከባዱ። ንጹሃን ይሞታሉ። ይህንን «ያሳዝናል፣ ግን» ብሎ የሚያልፍ ሰው አልወድም። ሞሱልን ለማስመለስ ዘጠኝ ወር ፈጀ፣ በሺዎች የሚቆጠር ነዋሪ አለቀ፣ የቀድሞው ከተማ ፍርስራሽ ሆነ። ኦገስት 29 ቀን 2021 ካቡል ላይ አንድ የአሜሪካ ድሮን ፈንጂ የጫነ መኪና መሰለውና አንድ ቤተሰብ ላይ ተኮሰ። አሥር ሰው ሞተ፣ ሰባቱ ሕፃናት። መጀመሪያ «ትክክለኛ ምት» ተባለ። ጋዜጠኞች ሲያጋልጡ ስህተት ነበር ተባለ። የተቀጣ ወታደር የለም። ጦር ይዝመት የምንል ሰዎች እንዲህ ያለው ሲሆን ቀድመን መጮህ ያለብን እኛ ነን። የሚገርመው ቀድመን ዝም የምንለውም እኛው ነን። እኔም ያኔ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ወዳጄ የያዘብኝም እዚህ ላይ ነው። «አንተ ቁጭ ብለህ የሰው ልጅ ታዘምታለህ» አለኝ። ምን ልበለው? ልክ ነው። አልዘምትም፣ የምልከውም ልጅ የለኝም። ስለዚህ ቢያንስ ለሚዘምተው ሰው ሦስት ነገር ሳይነገረው አይሂድ እላለሁ፤ ማንን ነው የማስወጣው፣ መቼ ነው አለቀ የሚባለው፣ ከተማውን ለማን ነው የማስረክበው። በ2001ም በ2013ም የመጀመሪያው ብቻ ነው የተመለሰው። ሌሎቹ ሁለቱ እየሄድን እናየዋለን ተባሉ።

ሕጉንም አንድ አፍታ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 51 የተጠቃ አገር ራሱን ይከላከላል ይላል። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2001 የጸጥታው ምክር ቤት ይህንኑ መብት አረጋገጠ። በኖቬምበር 2015 ደግሞ አይኤስ ላይ አባል አገሮች የሚችሉትን እርምጃ ሁሉ እንዲወስዱ ጠየቀ። ማሊ ራሷ ጠራች፣ ኢራቅም በ2014 ራሷ ጠራች። «የሉዓላዊነት ጥሰት» የሚለው ክስ ሁሉም ቦታ እኩል አይሠራም። የገዛ ከተማውን ለታጣቂ የተቀማ መንግሥት እርዳታ ሲጠራ ሉዓላዊነቱን ማስመለሱ ነው።

ደግሞ ከድል በኋላ የሚሆነውን እዩ። ባጉዝ ከወደቀች በኋላ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችና ሕፃናት ሰሜን ምሥራቅ ሶሪያ ውስጥ አልሆል በሚባል ካምፕ ታጎሩ። ብዙ አገሮች ዜጎቻቸውን መልሰው ለመውሰድ ለዓመታት አቅማሙ። ለቦምቡ ጄት በአንድ ሌሊት የተነሳበት ጉዳይ፣ ሕፃናቱን ወደ ቤት ለመመለስ ሲሆን ኮሚቴ በኮሚቴ ሆነ። እዚያ ያደገ ልጅ ነገ ማንን ይጠላል ብላችሁ ታስባላችሁ?

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ረቂቁን ለወዳጄ ላክሁለት። ማታ የድምፅ መልእክት መጣ። ስለ አይኤስ ያልከውን ተቀብያለሁ አለ፣ ስለ ካቡሉ ድሮን የጻፍከው ደግሞ ከአንተ አልጠበቅኩም አለ። ማሊ ላይ ገና ነን፤ ቅዳሜ እንደዋወላለን።